‹‹ድምፅ ይስጡ›› የሚለው ቁልፍ

የአገሪቱን ስም አልጠራም። የሄደባት ያውቃታል፤ ያልሄደባት ደግሞ ስሟን ስለሰማ ብቻ መንገዱን አያገኘውም። እኔ ኖሬባታለሁ፤ ደመወዟንም በልቻለሁ። የማወራው ያየሁትንና ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ትሠራ የነበረችው ውባለም የነገረችኝን ነው። የጨመርኩበት ነገር የለም፤ አያስፈልገውም።

በዚያች አገር ማንም ሰው ክራሩን ሳይቃኝ በጉባኤ ላይ አይናገርም። ሕጉ የቆየ ነው። ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከቅኝት ይወጣል፣ ከቅኝት የወጣ ድምፅ ደግሞ የሰብሳቢን ጆሮ ይጎዳል ብለው መሥራቾቹ ያወጡት ነው አሉ። ስለዚህ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ክራር ይሰቀላል። የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ክራሩን አውርዶ፣ ቃኝቶ ይመጣል። የአዳራሹ በረኛ ክሮቹን ነካ ነካ አድርጎ ያዳምጥና ከተስማማው ‹‹ግባ፣ ተናገር›› ይለዋል። ካልተስማማው ‹‹ግባ፣ ስማ›› ይለዋል። ያልተናገረ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። እኔ በኖርኩበት ዘመን አገሩ በሙሉ በሁሉም ነገር የተስማማ ነበር።

ድሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ለሰዉ የሚቃኙ ባለሙያዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ሹመት በሹመት ላይ ሲደረብላቸው ሁሉም አማካሪ ሆኑ፤ አማካሪ ደግሞ ክራር አይነካም፣ ሳይቃኝም ይናገራል። በእነሱ ምትክ የቅኝት መሥሪያ ቤት፣ እኔና ውባለም የምንሠራበት ማለት ነው፣ ማንም በገዛ ስልኩ የሚቃኝበት መተግበሪያ አወጣ። ስሙ ‹‹ዜማችን›› ይባላል። ዘፈን ያሰማል፣ የአየሩን ሁኔታ ይናገራል፣ የአማካሪዎችን ልደትም ያስታውሳል። ዋናው ግን የመቃኛው ገጽ ነበር። ገጹን ስትከፍተው መሃል ላይ ‹‹ድምፅ ይስጡ›› የሚል ቁልፍ ታገኛለህ። እሱን ተጭነህ ክሩን ትመታለህ፤ ስልኩ ይሰማሃል፤ ቀስቷ ወደ ግራ ካዘነበለች አጥብቅ፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለች አላላ ማለቷ ነው። ልክ ሲመጣ አረንጓዴ ትሆናለች። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ግን ማንም አልተጠቀመበትም። ከመሥሪያ ቤታችን ሆነን ስናየው ሰዉ ገጹን ይከፍታል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይወጣል። እንደገና ይከፍታል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። ቁልፉን የሚጫን የለም። ወሬው እላይ ደረሰና ‹‹የመቃኛው ገጽ ለጀማሪዎች እንዲቀል ሆኖ ይታደስ›› የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሥራው ለውባለም ተሰጠ።

ውባለም የመተግበሪያውን ገጾች የምትሥል ልጅ ናት። አንድ ነገር ከከነከናት ምሳዋን ትረሳለች። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ሰዓቱን ገልብጦ ያሰረ ሰው አይታ፣ ምክንያቱን ለመጠየቅ ብላ መውረጃዋን አልፋ ከሰውየው ጋር ወርዳለች። ‹‹ለሚያየኝ ሰው እንዲመች ብዬ ነው›› አላት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ያህል የሚያስደስተው ነገር ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የመቃኛው ሥራ ግን ለእሷ ከሥራ በላይ ነበር። የምትኖረው ታች ሰፈር፣ እትዬ ማናለብሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። እትዬ ማናለብሽ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳበት የቦኖ ውኃ ጠባቂ ናቸው። በዚያ ዓመት ለጉባኤው ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ያ ቦኖ ከታች ሰፈር ተነሥቶ አዳራሹ ፊት ለፊት ፏፏቴ እንዲሆን የሚል ነበር። ምክንያቱ ውበት ነው። ሐሳቡ ከጸደቀ የታች ሰፈር ሰው ጀሪካኑን ተሸክሞ ኮረብታ ተሻግሮ ሊቀዳ ነው። የሚቃወም ሰው ካልተናገረ ደግሞ ይጸድቃል። እትዬ ማናለብሽ መናገር ይፈልጉ ነበር፤ ክራራቸው ግን ከተሰቀለ ጀምሮ የነካው የለም።

የመሥሪያ ቤታችን ዋና ቃኚ አቶ ልሳኑ ይባላሉ። ትእዛዙን አንብበው ሲጨርሱ ‹‹ጀማሪዎቹ ይጠሩ›› አሉ። በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚታወቀው እኛም ዘንድ ጀማሪ ባለሙያ አለ፣ ባለሙያ አለ፣ ከፍተኛ ባለሙያ አለ። ጀማሪ ባለሙያዎቹ ክራር ክራራቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም በቅኝት ትምህርት የተመረቁ ስለሆኑ ገጹን ከፍተው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ ክሩን መትተው፣ ሻይ ሳይቀርብ ቃኝተው ጨረሱ።

‹‹ቀላል ነው?›› አሉ አቶ ልሳኑ።

‹‹በጣም ቀላል ነው፣ ጌታዬ።››

ውባለም እጇን አወጣች። ‹‹አቶ ልሳኑ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትእዛዙ የሚያወራው ክራር ይዘው ስለማያውቁ ሰዎች ይመስለኛል።››

‹‹ደረጃቸው ስንት ነው?››

‹‹ደረጃ እንኳን የላቸውም።››

‹‹ታዲያ ደረጃ ሳይኖራቸው እንዴት ጀማሪ ይሆናሉ? ጀማሪ እኮ ደረጃ ነው፣ ልጄ›› አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እውነትም ግራ ገብቷቸው ነው።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ግን ገጹ መታደሱ አልቀረም። አንዱ ከፍተኛ ባለሙያ ቁልፉ ይትለቅ አለ፤ ተለቀ። ሌላው ቀይ ይሁን አለ፤ ቀላ። ሦስተኛዋ ሰው ማንበብ ሊሰንፍ ይችላል ብላ፣ ገጹ ሲከፈት በሚጣፍጥ የሴት ድምፅ ‹‹ድምፅ ይስጡ!›› እንዲል አደረገች። ውጤቱን ስናይ ሰዉ ከበፊቱ ቶሎ መውጣት ጀምሯል። ቁልፉ በተለቀ ቁጥር ሰዉ ይፈጥናል። እኛ አፈርን። ውባለም ግን ወንበሯን ወደ እኔ ጎትታ ‹‹አየህ?›› አለችኝ፤ ‹‹ካልገባቸው ቆይተው ይፈዛሉ እንጂ ለምን ይሮጣሉ? እነዚህ ሰዎች የገባቸው ነገር አለ። እኛ ነን ያልገባን።››

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቦኖው ሄደች። እትዬ ማናለብሽ ሰልፉን ሸኝተው በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ያለተራው ጀሪካን ያስቀመጠ ሰው ስሙ ከእሳቸው አፍ ወጥቶ እስከ ማዶ ሰፈር ይሰማል፤ ጉሮሯቸው እንዲህ ያለ ነው። ውባለም ክራራቸውን ከቤታቸው ግድግዳ አውርዳ፣ አቧራውን ጠርጋ አመጣችላቸው።

‹‹እትዬ፣ እስቲ ገጹን ይክፈቱትና እንደመሰለዎት ይቃኙ። እኔ እዚህ የለሁም ብለው ያስቡ። አልናገርም፣ አላግዝም።››

እትዬ ማናለብሽ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ከፈቱት። ስልኩ ‹‹ድምፅ ይስጡ!›› አለ። ብድግ አድርገው አጠገባቸው ባለ ሌላ ጀሪካን ላይ በግንባሩ ደፉት።

‹‹ምን ሆኑ?››

‹‹የለሁም ብለሽ የለ? ዝም በያ እንግዲህ።››

እትዬ ማናለብሽ ትንሽ ቆይተው የስልኩን ጠርዝ በአንድ ጣት ቀና አድርገው አጮለቁ። ‹‹ሄደ?›› አሉ።

‹‹ማን?››

‹‹ጠያቂው ነዋ!››

‹‹እትዬ፣ ለምን አልተጫኑትም?››

‹‹ለማን ነው የምሰጠው?››

‹‹ለማንም አይደለም። ለስልኩ ነው።››

‹‹ስልኩ ደግሞ ተወዳደረ እንዴ?››

ውባለም ልትስቅ ነበር። የሴትዮዋ ፊት ግን የቀልድ አልነበረም።

‹‹ስሚ ልጄ›› አሉ እትዬ ማናለብሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹‹ያኔ ድምፅ ስጡ ተብለን ሰጥተናል። እኔም በዚህ እጄ ሳጥን ውስጥ ከትቻለሁ። ሳጥኑ ሊቆጠር ሄዷል ተባለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። አሁን ያለችኝ ይቺው አንድ ድምፅ ናት፣ ስለ ውኃው የምናገርባት። እሷንም ለስልክ ከሰጠሁ ጉባኤ ፊት በምኔ ልናገር?››

በዚያ አገር ቋንቋ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣውም ነው፣ ከክር የሚወጣውም ነው፣ ሳጥን ውስጥ የሚገባውም ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የዋልነው ቃሉን በሰማን ቁጥር ክር ብቻ ይታየን ነበር። ደጅ ላለው ሰው የሚታየው ሳጥኑ ነው። ለካ እኛ ቁልፉን ስናተልቅ፣ ስናቀላና ስናናግር፣ ሰውን በር ላይ ቆመን ስናስፈራራ ኖረናል።

ውባለም ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም። ማወቅ አማራት። ልብስ ሰፊውን አቶ ገላዬን ጠየቀቻቸው፤ ገጹን የሚከፍቱት ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ ውስጥ ገብተው እንደሆነ ነገሯት። ‹‹ያኔም በመጋረጃ ነበር›› አሉ። ግን እዚያም ሆነው ለመጫን ልባቸው እምቢ ይላል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደፍራ አንዴ ተጭናለች፤ ከዚያ ወዲህ ውጤት እየጠበቀች ነው። ‹‹ማን አለፈ ተባለ?›› ብላ ውባለምን በጆሮዋ ጠየቀቻት። አንድ የጎማ ጥገና ሠራተኛ ደግሞ ሳያስበው ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ ሁለት ጊዜ ሰጠህ ብለው እንዳይዙት አክስቱ ቤት ከርሟል።

‹‹ቃሉ ይቀየር›› ብላ ለአቶ ልሳኑ አመለከተች። አቶ ልሳኑ ስብሰባ ጠሩ። እኔም ነበርኩ።

መጀመሪያ የቀረበው ‹‹ድምፅዎን ያሰሙ›› የሚል ነው። አቶ ልሳኑ ላብ ላብ አላቸው። ‹‹ይሄማ ሰዉን ሰልፍ ያስወጣዋል›› አሉ። ቀጥሎ ‹‹ይናገሩ›› ተባለ፤ ሳይቃኙ መናገር ክልክል ነው ተብሎ ወደቀ። ውባለም ‹‹ክሩን ይምቱ›› አለች። የሕግ ክፍሉ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ‹‹መሥሪያ ቤታችን ማንም ማንንም እንዲመታ አላዘዘም፤ ይመዝገብልኝ›› አለና ተቀመጠ። ‹‹ይንኩ›› ሲባል ‹‹ከተነካ በኋላ ማን ይጠየቃል?›› ተባለ። ‹‹ይጀምሩ›› የሚለው ደህና መስሎን ነበር፤ አቶ ልሳኑ ግን ‹‹ምኑን?›› ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ከፋን። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በቋንቋው ውስጥ የሚጻፍ ግስ አጣን።

‹‹ምንም ባይጻፍስ?›› አለች ውባለም።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

‹‹ቁልፉም ይቅር፣ ቃሉም ይቅር፣ የምትናገረዋም ሴት ትቅር። ገጹ ሲከፈት አንድ ክራር ይታያል፤ አንዷ ክር ትንቀጠቀጣለች። ሰውየው የራሱን ክር ነካ ሲያደርግ ቀስቷ ትነሣለች። በቃ።››

አቶ ልሳኑ ሥዕሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ‹‹የምፈርመው የትኛው ቃል ላይ ነው?››

‹‹ቃል የለውም፣ አቶ ልሳኑ።››

‹‹እንግዲያው እኔን የሚያስጠይቀኝ ነገር የለማ!›› አሉና በጣም ደስ ብሏቸው ለምሳ ወጡ።

አዲሱን ገጽ መጀመሪያ የከፈቱት እትዬ ማናለብሽ ናቸው። ብዙ ቆዩ። ስልኩ ምንም ሳይላቸው ሲቀር ፊታቸውን አቀረቡለት። የምትንቀጠቀጠዋን ክር አዩ፤ የራሳቸውን ክራር አዩ፤ በሌባ ጣታቸው ጫር አደረጉት። ቀስቷ ብድግ ስትል እሳቸውም ብድግ አሉ። ‹‹አንቺ! ሰማችኝ እኮ!›› አሉ። መወጠሪያውን ጠምዘዝ፣ ክሩን ጫር፣ ጠምዘዝ፣ ጫር ሲያደርጉ ቆይተው ቀስቷ አረንጓዴ ስትሆን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ውባለም ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጥቶ ነበር። ብዙ ሳይቆይ በቦኖው ሰልፍ ላይ ሰዉ ጀሪካኑን በእግሩ እየገፋ፣ ክራሩን ደረቱ ላይ ይዞ ሲቃኝ ይታይ ጀመር።

የጉባኤው ቀን የበረኛው ጣት ቆሰለ። ‹‹ግባ፣ ተናገር። ግቢ፣ ተናገሪ። ግባ፣ ተናገር›› ሲል አረፈደ። ሁሉም አንዲት ቀስት የቃኘቻቸው ክራሮች ስለሆኑ ‹ስማ› የሚለው ሰው አላገኘም። እኔና ውባለም ኋላ ቆመናል። እትዬ ማናለብሽ ተራቸው ሲደርስ ክራራቸውን ታቅፈው ተነሡ።

‹‹ፏፏቴ ማየት ደስ ይላል›› አሉ። ‹‹እኔም አይቼ አውቃለሁ። ያንን ውኃ ግን እኛ እየጠጣነው ነው። የምናየው ከሆነ ምን ልንጠጣ ነው?›› ይህን ብለው ቁጭ አሉ። አቶ ገላዬ ተናገሩ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ተናገረች። ጎማ ጠጋኙም ተናገረ። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው ስለማያውቅ ሲያዳምጡ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ አማካሪዎቹ ወንበር ያዩ ነበር። መቼም ሐሳብ ከተለያየ ማስቆጠር ግድ ነው።

‹‹እንግዲህ›› አሉ በመጨረሻ፣ ‹‹ሐሳቡን የምትቃወሙ ድምፅ ስጡ።››

ሰዉ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ ገላዬ መጋረጃ ፍለጋ ግራ ቀኝ አዩ። ውባለም ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ‹‹ከገጹ ላይ አወጣሁት እንጂ ከአዳራሹ አላወጣሁትም›› አለችኝ።

‹‹ለማን?›› አሉ እትዬ ማናለብሽ።

‹‹ለማንም አይደለም፣ እመቤቴ። ለውኃው ጉዳይ ነው።››

እትዬ ማናለብሽ ጥቂት አሰቡ። ‹‹ለውኃው ከሆነ እሰጣለሁ›› አሉና ክራራቸውን አንሥተው አንደኛዋን ክር መቷት። እሳቸውን አይቶ ታች ሰፈር በሙሉ አንደኛዋን ክር መታ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ክራር አንድ ላይ፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ።

የጉባኤው ድምፅ ቆጣሪ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ቀጭን ሰው ነው። ማን እንደሰጠ እንዳያይ ነው የሚጨፍነው። ‹‹አንድ›› አለ።

‹‹ምን አንድ?›› አሉ እትዬ ማናለብሽ።

‹‹አንድ ድምፅ ነው የሰማሁት።››

ሰውየው አልዋሸም። ሌላ ድምፅ አልነበረማ። ከዚያ የሚደግፉት ተጠየቁ። አማካሪዎቹ ከወንበራቸው ሳይነሡ ‹‹እደግፋለሁ›› አሉ፤ አንዱ ጎርነን አድርጎ፣ አንዱ ቀጠን አድርጎ፣ አንዱ እያሳለ። የሚመሳሰል የለም። ቆጣሪው ‹‹ሰባት›› አለ። ሰብሳቢው መዶሻቸውን አነሡ።

ውባለም ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ሰው በአንዲት ቀስት ያስማማችው እሷ ናት። ደግ ሥራ ሠርታ የሰፈሯን ውኃ ያስወሰደች መሰላት።

‹‹ቆይ!›› አሉ እትዬ ማናለብሽ፣ በዚያ በቦኖው ጉሮሮ። የሰብሳቢው መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

ክራራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። መወጠሪያውን ያዙና ልክ ቧንቧ እንደሚከፍት ሰው ጠመዘዙት። ክሩ ላላ። መቱት። እንደ ዛገ ማጠፊያ ያለ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ወጣ።

ቆጣሪው ዓይኑን ሳይገልጥ ‹‹ሁለት›› አለ።

አቶ ገላዬ የራሳቸውን ጠመዘዙ፤ ሌላ ዓይነት ወጣ። ‹‹ሦስት።›› የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እስኪንጫጫ ድረስ አጠበቀችው። ‹‹አራት።›› ጎማ ጠጋኙ ክሩን በጠሰውና ክራሩን ራሱን አንኳኳ። ‹‹አምስት።›› ከዚያ በኋላማ አዳራሹ ቅጥ አምባሩ ጠፋ። የሚያቃስት ክራር፣ የሚያፏጭ ክራር፣ የሚያስነጥስ የሚመስል ክራር። ቆጣሪው ላቡ ጠብ እያለ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሰባትን አልፎ ይቆጥራል። በሥራው ላይ እስካለ ድረስ የሚቆጠር ነገር አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

‹‹ያልተቃኘ ክራር በአዳራሽ ውስጥ! በረኛ!›› ብለው ጮኹ ሰብሳቢው፣ ጆሯቸውን ይዘው።

በረኛው የቆሰለ ጣቱን እየነፋ ብቅ አለ። ‹‹ሕጉ ለመናገር ነው የሚለው፣ ጌታዬ›› አለ። ‹‹እነሱ ተናግረው ጨርሰዋል።››

ቦኖው ታች ሰፈር ቀረ።

በማግስቱ አቶ ልሳኑ በሁለቱም ጆሯቸው ጥጥ ወትፈው ወደ ውባለም ጠረጴዛ መጡ። የሌሎቹ ሰፈሮች ሰዎች እኛም የየራሳችንን ድምፅ ማውጣት አስተምሩን ብለው ማመልከታቸውን፣ ትእዛዙም ከላይ መምጣቱን ነገሯት። ክራርን ከቅኝት የሚያወጣ፣ የአንዱን ከሌላው የሚለይ ገጽ ይሠራ። ለጀማሪዎች እንዲቀል ሆኖ።

‹‹ለየትኞቹ ጀማሪዎች?›› አለች ውባለም።

አቶ ልሳኑ አንደኛውን ጥጥ አወጡ። ‹‹ደረጃ ለሌላቸው›› አሉ፣ ትንሽ አፈር ብለው።

‹‹ቁልፉ ላይ ምን ልጻፍ?››

አቶ ልሳኑ በሩ መዘጋቱን ዘወር ብለው አዩ። ‹‹ያው የድሮውን ጻፊው›› አሉና ጥጡን መልሰው ወትፈው ሄዱ።

አዲሱን ገጽ ይዛ ወደ ቦኖው ስትወርድ አብሬያት ሄድኩ። እትዬ ማናለብሽ ጀሪካን እየሞሉ ነበር። ስልኩን ተቀበሏትና ከፈቱት። ቀዩ ቁልፍ መጣ፤ ድምፅ ይስጡ ይላል። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ክራሩ በደንብ እንዲሰማላቸው፣ ቧንቧውን ለጊዜው ዘጉት። ሰልፈኛውም ማንም አላጉረመረመም። እትዬ ማናለብሽ ለማን ብለው አልጠየቁም፤ ቁልፉን ተጫኑትና ክሩን መቱት።